ከዘይት ክዳን ስር የተገኘው ክሬም፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት የ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ፔዦ 404 አለችኝ። ሰሞኑን የሞተር ዘይት ልጨምር ክዳኑን ስከፍት ከስሩ ቢጫ ክሬም የመሰለ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። መካኒኬ ገና እንዳየው ‹ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ› አለኝ። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ግን ዘይቱ ንጹሕ ነው። ባለፈው ወር ራዲያተሩ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሬያለሁ። የምነዳት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው፤ መንገዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የቴስታታው ጋስኬት (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀይሯል። ላስወርደው ወይስ ልጠብቅ?»

ወንድሜ፣ አታስወርደው። ቢያንስ አሁን አታስወርደው። ግን ዝም ብለህም አትጠብቅ። በሁለቱ መካከል ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ አለ። እሱን ጨርሰህ ማስወረድ ካለብህ፣ ያኔ ምን ፍለጋ እንደምታስወርደው አውቀህ ታስወርደዋለህ።

በመጀመሪያ ያ ክሬም ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዘይትና ውሃ አይቀላቀሉም እንላለን። ዕቃ ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ እውነት ነው። ሞተር ውስጥ ግን የሚቀመጥ ነገር የለም። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በደቂቃ ሺህ ጊዜ እየዞረ ዘይቱን ይረጨዋል። ውሃ ካገኘው አብሮ ይንጠዋል። የተናጠው ነገር ነው ቢጫ፣ አንዳንዴም ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ክሬም የሚሆነው። ስለዚህ ክሬሙ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል። ውሃው ከየት መጣ ለሚለው ግን ክሬሙ መልስ የለውም። መካኒክህ የዘለለው ይህችን ጥያቄ ነው።

ውሃው ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ሁላችንም የምንፈራው ነው፤ ከራዲያተሩ መሥመር። ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ የሚሠራው ውሃ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል ማለት ነው። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ጠዋት ሞተር ስታስነሳ ከጭስ ማውጫው ጫፍ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ጥቂቱ ግን በፒስተኖቹ ፋሻ (ዙሪያቸውን በሚያሽገው ቀለበት) በኩል ሾልኮ ከሚያልፈው ጋዝ ጋር ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ትንሽ ያሾልካል። ያረጀ ደግሞ ይብሳል።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ እንፋሎት በመተንፈሻው ይወጣና ያበቃል። ሳይሞቅ ሲቀር ግን ቀዝቃዛ ብረት ይፈልግና እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል። በሞተሩ ላይ ከሁሉ የቀዘቀዘው የውስጥ ገጽ የትኛው ነው? የቫልቮቹ ክዳንና የዘይት መሙያው ክዳን ናቸው። ስስ ብረት ናቸው፣ በላያቸው የውጭ አየር ይነፍሳል፣ ሙቅ ዘይትም እንደ ልብ አይደርሳቸውም። ክሬሙ እዚያ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህን ለማሳመን ሁልጊዜ የማነሳው ቮልስዋገን ቢትልን ነው። የድሮዋ ቢትል በአየር የምትቀዘቅዝ ናት። ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ውስጥ የሚዞር አንድ ጠብታ ውሃ የለም። ግን በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ የምትነዳ ቢትልን ክዳን ክፈት። የዘይት መሙያ አንገቷ በዚሁ ቢጫ ክሬም ተለብጦ ታገኘዋለህ። እዚያ ጋስኬት ቀዶ የገባ ውሃ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። እንግዲህ ክሬም ባየ ቁጥር ቴስታታ የሚያወርድ ሰው ቢትልን ምን ሊያደርጋት ነው?

አሁን ወደ አንተ መኪና። አሥር ደቂቃ ነው የምነዳው ብለሃል። ከጻፍከው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይህ ነው። የሙቀት ጌጁ በአምስት ስድስት ደቂቃ መሃል ላይ ይደርስና ሞተሩ የሞቀ ይመስልሃል። ጌጁ የሚያነበው ግን የውሃውን ሙቀት ነው። ዘይቱ ከውሃው በጣም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። አንተ መኪናዋን አቁመህ ስትወርድ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ነው። ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ በደንብ ተንኖ እንዲወጣ ደግሞ ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋትና እዚያው ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ውሃ ታስገባለህ፣ አንድም ቀን አታስወጣም። ባትሪዋ እንዳይሞት እያሉ አሮጌ መኪናን በሳምንት አንዴ አስነስተው ለአምስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) የሚያቆዩ ሰዎች ከአንተም ይብሳሉ። ለመኪናዋ የሚያስቡ ይመስላቸዋል። የሚያደርጉት ግን ሆዷን በውሃ መሙላት ነው።

በወጣትነቴ አንድ የቆየች መኪና መጣችልኝ። ክዳኑ ስር ክሬም ነበረ። ያኔ የተማርኩት «ክሬም ማለት ጋስኬት» የሚል ነበርና ቴስታታውን አወረድኩት። ጋስኬቱ አንድም ቦታ አልተነካም። ቴስታታውም ቀጥ ያለ ነበር። ሁሉን መልሼ ገጠምኩ። ከወር በኋላ ባለቤቱ ያንኑ ክሬም ይዞ ተመለሰ። ያኔ ነው የቴርሞስታቱን ቤት የከፈትኩት፤ ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ነው። ባዶ ነበር። አንድ ሰው «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ በርዶ ነበር የሚሠራው። ያ ሰው በእኔ ስህተት ያላግባብ ገንዘቡን አውጥቷል። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቴስታታ የማወርደው ሌላ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ምርመራውን ከዘንጉ እንጀምር። ንጹሕ ነው ብለሃል፤ ደስ የሚል ነው። ግን አንድ ጊዜ ደግመህ እይልኝ። ጠዋት፣ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ፣ ሞተር ሳይነሳ። የምታየው የዘንጉን የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነው። ላይኛው ክፍል ላይ ትንሽ ክሬም ብታይ አትደንግጥ፤ እዚያም ጤዛ ይይዛል። ታች ዘይት ውስጥ የተነከረው ክፍል ማርና ቡና መካከል ያለ ቀለም ወይም ጥቁር ከሆነና ብርሃን ላይ የሚያበራ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫማ ወይም ወተታም ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የዘይቱን ከፍታም በእርሳስ ጻፈው። ዘይት ሳትጨምር ከፍ እያለ ከሄደ አንድ ነገር እየገባበት ነው። ከሸተተህና ከቀጠነ ቤንዚን ነው። ከነጣ ውሃ ነው።

ቀጥሎ የምወደው ፈተና አለ። ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ውሃ ከዘይት ይከብዳል። መኪናዋን ሜዳ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት አቁማት። ውሃ ካለ እየተንጠባጠበ ወርዶ ከኮፓው ስር፣ ማለትም ከዘይቱ ማጠራቀሚያ ወለል ላይ ይተኛል። ከዚያ ሞተር ሳታስነሳ ከስር ግባና የኮፓውን ታፖ (ዘይት የሚደፋበትን ብሎን) ቀስ አድርገህ አላላው። አትፍታው፤ አላላው ብቻ። ከስሩ ንጹሕ ብርጭቆ ያዝ። መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት ከሆነ ታፖውን መልሰህ አጥብቀው፤ ከታች የተኛ ውሃ የለም። መጀመሪያ ውሃ ከወጣ ግን መልስህን አገኘህ። ጥቂት ጠብታ ከሆነ ጤዛም ሊያጠራቅመው ይችላል። ሩብ ብርጭቆ ከሞላ ግን ጤዛ ነው ብዬ አልከራከርህም። ቀለሙንም እይ። ራዲያተሩ ውስጥ አረንጓዴ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለና የወጣውም አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ጣዕሙን የሚቀምስ ሰው አይቻለሁ። በፍጹም እንዳታደርገው። የኩላንቱ ግላይኮል መርዝ ነው።

የጋለ ብረት ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ማዳመጥም አለ። ውሃ ያለበት ዘይት ይንጣጣል፣ ውሃ የሌለበት ዝም ብሎ ይጤሳል። እውነተኛ ፈተና ነው፤ ዓይንህን ሸፍነህ፣ ከቤንዚን ርቀህ አድርገው። ግን ውሃ መኖሩን እንጂ የመጣበትን አይነግርህም። ጤዛም ይንጣጣል፣ ኩላንትም ይንጣጣል። ለዚህ ነው ታፖውን ያስቀደምኩት። ከጥርጣሬ ማምለጥ ከፈለግህ ትንሽ ዘይት ለዘይት ምርመራ ላቦራቶሪ ይላካል። እነሱ ሶዲየምና ፖታሲየም ወይም ግላይኮል ካገኙበት ውሃው ከራዲያተሩ መሥመር የመጣ ነው። ጤዛ ውስጥ ኩላንት አይገኝም።

ስለ ግማሽ ሊትሩ ውሃ። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ መካኒክህንም ሳያስደነግጠው አልቀረም። የማስፋፊያ ጋን የሌለው አሮጌ ራዲያተር እስከ አፉ ከሞላኸው ሲሞቅ ውሃው ይሰፋና ትርፉን በቀጭኗ ቱቦ ወደ መሬት ይተፋዋል። ሲቀዘቅዝ ከአፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ያ ትክክለኛ ቦታው ነው። ባለቤቱ ግን ጎደለ ብሎ ይሞላዋል፣ መኪናዋ እንደገና ትተፋዋለች። እንዲህ ዓመት ሙሉ ውሃ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። አንተ አሁን አትሙላ። ሞተሩ በረድ እንዳለ ክዳኑን ክፈትና ደረጃውን በንጹሕ እንጨት ለካ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሳምንት ለካ። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሰላም ነው። በየቀኑ ከወረደ ወዴት እንደሚሄድ መፈለግ አለብን። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን እንዳትነካ።

እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ፣ እንደምገምተው፣ ሞተሩ ለምን እንደሚያልበው እንፈልግ። ቴርሞስታቱን አውጣው። ውሃ ውስጥ ሰቅለህ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቀው። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ከ74 እስከ 88 ዲግሪ መካከል ነው። እዚያ ሳይደርስ ከከፈተ፣ ወይም በቀዝቃዛ ውሃም ክፍት ከሆነ፣ ጣለውና ቀይረው። ቤቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ የእኔን የወጣትነት ታሪክ አስታውስ። 404 ላይ አንድ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ማራገቢያዋ ሲያስፈልግ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት የምትያዝ ናት። ለዘመኑ በጣም ብልህ ሥራ ነው፤ ሳየው ሁሌ ደስ ይለኛል። በዓመታት ውስጥ ግን ሲበላሽ አንዳንዱ ሰው ከፑሊው ጋር በቋሚነት ያስረዋል። ያኔ ማራገቢያው ጠዋትም ማታም ይነፍሳል፣ ሞተሩም አይሞቅም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ ጠርጥር።

ከዚያ መተንፈሻው። በድሮ መኪኖች የሞተሩ ሆድ የሚተነፍሰው ወደ መሬት በሚወርድ ክፍት ቱቦ ነበር። መኪናዋ ስትሄድ ከስር የሚያልፈው አየር ጋዙን ይስበዋል። ቀስ ብለህ ስትነዳ ግን የሚስበው የለም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሞተሩ በራሱ ሳብ እያደረገ ጋዙን መልሶ የሚያቃጥልበት አሠራር ተስፋፋ። የአንተ የትኛውም ይሁን፣ ቱቦውን ፍታና ውስጡን ተመልከት። በዚያው ክሬምና በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ልታገኘው ትችላለህ። ውስጡ የሽቦ ወንፊት ካለው አውጥተህ በቤንዚን ሳይሆን በማጠቢያ ኬሚካል እጠበው፣ አድርቀህ መልሰው። የተደፈነ መተንፈሻ ባለበት ሞተር ምንም ያህል ብትነዳ እንፋሎቱ መውጫ የለውም።

እነዚህን አስተካክለህ ክሬሙን በጨርቅ ጥርግ አድርገህ አጽዳ። ከዚያ አንድ ቀን ውጣና ሳታቋርጥ አርባ አምስት ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ንዳት። ሚኒሞ ላይ አቁሞ ማሞቅ አይሠራም፤ ሥራ ላይ መዋል አለባት። ተመልሰህ ክዳኑን ክፈት። ከሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ጉዞ በኋላ ክሬሙ ካልተመለሰ የአንተ ችግር ጤዛ ነበር። ዘይቱን ከነፊልትሩ ቀይረው፤ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ዘይት ቶሎ ቶሎ ነው የሚቀየርላት።

አሁን ወደ ክፉው። ታፖው ውሃ ቢሰጥህ ወይም ዘንጉ ወተት ቢመስል ምን ይሆናል? መጀመሪያ ሞተሩን አታስነሳ። እስከ ጋራዥም ቢሆን አትንዳት፤ ተጎትታ ትሂድ። ክራንክሻፍቱና እሱን የሚሸከሙት ብሮንዚኖች የማይነካኩት በመካከላቸው ባለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ያን ሽፋን መያዝ አይችልም። ግላይኮል ደግሞ ዘይቱን ወደ ዝቃጭነት ይቀይረዋል፣ አሲድም ይፈጥራል። አንዲት ጉዞ ብሮንዚኖቹን ልትበላቸው ትችላለች።

ያኔም ቢሆን ጋስኬቱ ብቸኛው ተጠርጣሪ አይደለም። ይህን በደንብ አንብብ፤ የአንተን መኪና በቀጥታ ይመለከታል። የ404 ሞተር ሲሊንደሮች ከብሎኩ ጋር አብረው የተቀረጹ አይደሉም። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ፣ ካሚቻ የሚባል ቱቦ ነው፤ ውሃው ዙሪያውን በቀጥታ ይነካዋል። እላይ የቴስታታው ጋስኬት ይጫነዋል። እታች ደግሞ ውሃውን ከዘይቱ የሚለይ የራሱ ማሸጊያ አለው። ያ ማሸጊያ ከተበላሸ ውሃው በቀጥታ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ጋስኬቱ ግን ደህና ነው። አንተ ከሁለት ዓመት በፊት ቴስታታው ወርዷል ብለሃል። ቴስታታው ሲነሳ ካሚቻዎቹን ወደ ታች የሚይዛቸው ነገር የለም። በብሎንና በሰፊ ወሸር ካልተያዙና ሞተሩ ከተዞረ፣ ፒስተኑ ሲወጣ ካሚቻውን አብሮ ያነሳዋል። በሚሊሜትር ክፍልፋይ እንኳ ቢነሳ ከስሩ ያለው አሮጌ ማሸጊያ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ያን ሥራ የሠራውን ሰው ካገኘኸው አንድ ጥያቄ ጠይቀው፤ «ካሚቻዎቹን ይዘሃቸው ነበር?» በለው። አሁን ያለ ምክንያት አታስወርደው ያልኩህም በከፊል ለዚህ ነው። ደህና የነበረ ሞተር በምርመራው ምክንያት ሊታመም ይችላል።

ጥፋቱ የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው? ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) መለካት ብቻውን አይበቃም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ጋስኬቱ ተቃጥሏል ብለህ መጠርጠር ትችላለህ። ካንዴላዎቹንም (እሳት የሚረጩትን) አውጣ፤ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ በእንፋሎት የታጠበ ያህል ከጸዳ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ይቃጠላል። ግን የታችኛው ማሸጊያ ሲያፈስ አራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽናቸው እኩል፣ ጭሱም ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

እርግጡን የሚያወጣው የግፊት ፈተና ነው። ራዲያተሩ ክዳን ቦታ የሚገጠም የእጅ ፓምፕ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ዘይቱ ተደፍቶ፣ ኮፓው ወርዶ ይደረግ። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት እንዳያልፍ ለመካኒክህ ንገረው። የድሮ መኪኖች ክዳን ብዙ ጊዜ ግማሽ ባር አካባቢ ነው፤ የዘንድሮ መኪና ለምዶ አንድ ባር ተኩል ቢጭንባት የደህናውንም ራዲያተር ይቀደዋል። ግፊቱን ሰጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ወደ ላይ እዩ። ጠብታው ከካሚቻው የታችኛው ጠርዝ ከተንጠለጠለ ማሸጊያው ነው። ከላይ በዘይት መመለሻው ቀዳዳ ከወረደ የቴስታታው ጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ከፊት በሰንሰለቱ በኩል ከመጣ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ ልጨምር። «ራዲያተሬ ውስጥ ዘይት የለም፤ ስለዚህ ጋስኬቱ ደህና ነው» ይላሉ። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ክፍተቱ የዘይት መተላለፊያውን ካገኘ ዘይት ወደ ውሃ ይሄዳል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ወዲያው ዜሮ ይሆናል፤ ትኩሱ ውሃ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በግፊት ይቆያል። ያኔ ውሃው ወደ ዘይት ይገባል። ክፍተቱ የነካው ግፊት የሌለበትን የዘይት መመለሻ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ጨርሶ ዘይት አያይም። ስለዚህ ንጹሕ ራዲያተር ብቻውን ዋስትና አይሆንህም።

ፍሳሽ ይደፍናል የሚባለውን ዱቄት ወይም ፈሳሽ ግን አደራህን ራዲያተሩ ውስጥ እንዳትጨምር። ማሸጊያውን ሳይሆን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው የሚደፍነው። ጥፋቱ ከተሠራ በኋላም ሞተሩን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ማጠብ አልወድም። የሠላሳ ዓመት ዝቃጭ በአንዴ ይነሳና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋዋል። ርካሽ አዲስ ዘይት ሙላ፣ እስኪሞቅ ሃያ ደቂቃ አሠራት፣ ትኩስ እያለ ድፋው፣ ፊልትሩን ቀይር። የሚወጣው ዘይት ወተትነቱ እስኪጠፋ ድገመው።

በዚህ ሳምንት ከአንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የጠዋቱን የራዲያተር ልክ፣ ከታፖው መጀመሪያ የወጣው ምን እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱም በስንት ዲግሪ እንደከፈተ ጻፍልኝ። ቴስታታው እስከዚያ ባለበት ይቆይ።